ከራስ በላይ ነፋስ፣ ከመኪና በላይስ?

አበሻ ያለውን መደበቅ ይወዳል ይባላል። ቤቱን በአጥር፣ ገንዘቡን በመቀነት፣ የልቡን በቅኔ ይሸፍናል ይሉናል። ይህን የሚል ሰው ወልድያ መናኸሪያ ቆሞ ወደ ላይ አንጋጦ አያውቅም ማለት ነው። እዚያ ለግማሽ ሰዓት ቢያንጋጥጥ ያገሩን ኑሮ ከነዝርዝሩ ባነበበው ነበር። ከአንዱ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ የስፖንጅ ፍራሽ ታስሯል፤ አንድ ሰው ጎጆ ሊወጣ ነው። ሁለት በጎች እግራቸው ተጠፍሮ አንገታቸውን ወደ መንገዱ አስግገው ያያሉ፤ በዓል ደርሷል። የጤፍ ጆንያ ተጋድሟል፤ ከተማ ላለች ልጅ እናቷ ስንቅ ልካላታለች። ባዶ ቢጫ ጀሪካን በዘለላ ተንጠልጥሏል፤ የሆነ ቦታ ውሃ ጠፍቷል። በቤቱ የደበቀውን ሁሉ ያገሬ ሰው መኪና ጣሪያ ላይ ሲደርስ ገልጦ ያሳያል።

ይህን ሁሉ የሚሸከመውን ብረት ፖርቶ መጋላ እንለዋለን። ቃሉ የጣሊያን ነው። እነሱ ‹ፖርታ ባጋሊ› ይሉታል፤ ሻንጣ ተሸካሚ ማለት ነው። እኛ ተቀብለን አፋችን እንደተመቸው አጣመምነው። ሲጣመም ግን የበለጠ እውነት ሆነ። ሐረር የሄደ ሰው ፈረስ መጋላን ያውቃል፤ መጋላ በዚያ አገር ገበያ ነው። እና የኛ ፖርቶ መጋላ ሻንጣ ተሸካሚ ብቻ ሳይሆን ገበያ ተሸካሚም ሆኖ አረፈው!

ዛሬ በበግና በፍራሽ ላይ ልፈርድ አልተነሣሁም። ሌላ መንገድ የሌለው ሰው ያለውን ይጭናል፤ ይህ ይገባኛል። የሚያስጽፈኝ አማራጭ ያለው ሰው አመራረጥ ነው። ገንዘብ ያለው፣ የተማረ፣ መመሪያ ማንበብ የሚችል፣ ግን የማያነብ። ማለትም እኔና እናንተ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። ወንዱ 12፣ ሴቷ 8 ዓመት ሆኗቸዋል። ባለቤቱ የላስታ ልጅ ናት፤ እናቷ ዛሬም ከላሊበላ ብዙም ሳይርቁ ይኖራሉ። እኒህ እናት ትንሿን የልጅ ልጃቸውን ከሕፃንነቷ ወዲህ አላዩዋትም። መጀመሪያ የ2013 እና የ2014 ዓ.ም. ጦርነት መጣ። ላስታም ተያዘች፣ ተለቀቀች፣ ደግማ ተያዘች። እሱ በረድ ሲል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ቤተሰቡ ጉዞውን ሁለት ጊዜ አቅዶ ሁለት ጊዜ ሰርዟል። አሁን «መንገዱ ሰላም በሆነበት ገና እንሄዳለን» ብለው ወስነዋል። ልጆቹም አንድ ነገር ለምነዋል፤ ብስክሌታቸው አብሮ እንዲሄድ። አባትና እናትም ልጆቹን አይተው የየራሳቸውን ብስክሌት ገዝተው ነበርና፣ አራት ብስክሌት፣ አራት ሰው፣ አንድ ትንሽ የቤት መኪና ሆነ።

«ጋሼ» አለኝ ጎረቤቴ በአጥር ላይ፣ «አራት ሳይክል የሚሸከም ፖርቶ መጋላ የቱ ይሻላል?»

«ከሱቅ ምን አሉህ?» አልኩት።

«ይሄ የማይሸከመው ነገር የለም አሉኝ።»

እንግዲህ ከዚህ ዓረፍተ ነገር እንጀምር። የማይሸከመው ነገር የሌለ ብረት እስካሁን አልተሠራም። ወደ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ ፖርቶ መጋላ የሚጠይቅ ደንበኛን ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ጥያቄዎቹ አራት ናቸው። ስንት ነው? ኦሪጅናል ነው? ጥቁሩ የለም? መጨረሻ ስንት ነው? «ስንት ኪሎ ይችላል?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልሰማሁም። የጣሪያው ልክ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ እንደተጻፈ የሚያውቀውም ጥቂት ነው። መጽሐፉ በጃፓንኛ ነው የሚል ምክንያት አለን። ልክ ነው፤ ብዙዎቹ መኪኖቻችን ሌላ አገር አገልግለው፣ መጽሐፋቸውን እዚያው ጥለው የመጡ ናቸው። ቁጥር ግን በጃፓንኛም ቁጥር ነው።

ቁጥሩን እንየው። የብዙ ትንንሽ የቤት መኪኖች ጣሪያ በጉዞ ላይ እንዲሸከም የሚፈቀድለት ከ50 እስከ 75 ኪሎ ብቻ ነው። በዚህ ውስጥ የፖርቶ መጋላው የራሱ ክብደት ይቆጠራል። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ፣ አስፋልት ለለቀቀ መንገድ ይህን ልክ ለአንድ ከግማሽ አካፍሉት ይላሉ። 75 የነበረው 50 ሆነ ማለት ነው። አሁን የጎረቤቴን ብስክሌቶች እንመዝን። የአባትና የእናት በአማካይ 15፣ 15 ኪሎ፤ የወንዱ 12፣ የሴቷ 10። ድምሩ 52። ሁለቱ አግዳሚ ብረቶችና አራቱ ማቀፊያዎች ሌላ 20 ኪሎ ግድም ቢሆኑ 72 ደረስን። ለሰንዳፋ አስፋልት እንኳ ጠርዝ ላይ ነን። ላስታ ስንደርስ ግን ከልኩ 22 ኪሎ አልፈናል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሚዛንና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

እኛ ግን ሌላ መፍትሔ አለን፤ ብየዳ ቤት። «አስበይደዋለሁ፣ ወፍራም ብረት ይሁን!» እንላለን። ብየዳ ቤቱም እንደታዘዘው ወፍራም ብረት ያመጣል። ያማረ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ዳርና ዳሩ እንደ ሰገነት የተጠረበ ፖርቶ መጋላ ይሠራል። ብረቱ አይሰበርም፤ እውነት ነው። ግን ከብረቱ በታች ያለው ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ከቆርቆሮው በታች ደግሞ የልጆቹ ራስ ነው። ሸክሙን የሚያበዛ ሸካሚ መቅጠር ምን ይሉታል? ሠሪዎቹን እየወቀስኩ አይደለም። እነሱ የታዘዙትን ሠሩ። አዛዡ ነው «ጠንካራ» እና «ከባድ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አንድ ያደረጋቸው።

ለነገሩ ዓለም በዚህ ጉዳይ ብዙ ተራቅቋል። በ1942 እ.ኤ.አ. በስዊድን የተመሠረተው ቱሌ የሚባለው ኩባንያ ሥራውን የጀመረው በዓሣ ማጥመጃ ነበር፤ ዛሬ ስሙ በመኪና ጣሪያ ላይ ከሚታሰር ዕቃ ጋር አብሮ ይነሣል። ብስክሌት ለመሸከም በጥቅሉ ሦስት ዓይነት መንገድ አለ። አንዱ ጣሪያ ላይ ነው። ሁለተኛው የኋላ በር ላይ በቀበቶ የሚወጠር ነው፤ ስኮርታ ጎማቸውን ከኋላ በር ላይ ለሚያንጠለጥሉ መኪኖች ደግሞ በጎማው ላይ የሚታሰር አለ። ሦስተኛው በመጎተቻው ጋንቾ ላይ የሚገጠም ነው። ሦስቱም ጥሩ ናቸው፤ ሦስቱም መጥፎ ናቸው። ጥያቄው የት ትሄዳለህ ነው።

የት እንደሚሄዱማ እናውቃለን። ከአዲስ አበባ ላሊበላ በወልድያ በኩል ወደ 700 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በደብረ ብርሃን አድርጎ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን በሠራው ዋሻ ይገባል፤ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል፤ በኮምቦልቻና በደሴ ይወጣል፤ ሐይቅን አልፎ ወልድያ ይደርሳል። ከወልድያ በኋላ ደግሞ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት፣ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው ዳገት ይመጣል። ወደ 3 ሺህ ሜትር ከፍታ እየተጠማዘዙ ነው የሚወጣው። ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ ተገንጥሎ፣ ለረጅም ዓመታት ጠጠር ሆኖ በኖረው መስመር 64 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ላሊበላ ነው። ቆላና ደጋ፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ ነፋስና አቧራ፣ ከብትና ባጃጅ፣ ሁሉም በአንድ ጉዞ።

በዚህ መንገድ የቀበቶውን ዓይነት እንሞክረው። ርካሽ ነው፤ ቀላል ነው፤ ያለ ቡሎንና ዳዶ በአሥር ደቂቃ ይታሰራል። ግን ጠጠር መንገድ ላይ መኪና ሲንቀጠቀጥ ቀበቶ ይላላል። ቀበቶው የሚይዘው የበሩን ጠርዝ ነውና ቀለሙን ይፍቃል፣ ቆርቆሮውን ያጎደጉዳል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ብስክሌቶቹ የሰሌዳ ቁጥሩንና የኋላ መብራቱን ይጋርዳሉ። ትራፊክ ፖሊሱ «ሰሌዳህ የታለ?» ሲል «ከሳይክሉ ጀርባ አለች» ቢባል መልስ አይሆንም። ፖሊሱ እንኳ ቢያልፈው፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ከኋላ የሚመጣው ኤፍ ኤስ አር የፍሬን መብራቱን ካላየ ማን ያስቆመዋል?

የጋንቾው ዓይነት ጠንካራ ነው። ዝቅ ያለ ስለሆነ አንዲት እናት ያለማንም እርዳታ ብስክሌት ትሰቅልበታለች። ጋንቾ ያላት ትንሽ የቤት መኪና ግን እኛ ዘንድ ስንት አለች? ብትኖርም ክብደቱ ሁሉ ከኋላ እግር ኋላ ይንጠለጠላል። ዳገት ላይ አፍንጫዋ ቀለል ይላል፤ መሪው አልታዘዝ ይላል። ወንዝ ተሻግሮ ሲወጣ ደግሞ ከኋላ የተንጠለጠለው ብስክሌት መሬት ይልሳል። አቧራውንም ጠጥቶት ነው የሚደርሰው፤ ሰንሰለቱ ላሊበላ ሲገባ እንደ በርበሬ ወፍጮ ይጮሃል።

የጣሪያው ዓይነት ከአቧራ ይርቃል፤ ሰሌዳም መብራትም አይሸፍንም። ግን ነፋሱ አለ። ነፋስ የሚቃወመው ኃይል ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በ60 ያልተሰማው ነፋስ በ120 አራት ሆኖ ይመጣል፤ ነዳጁንም እንደዚያው ይጠጣል። መኪናዋ ከላይ ስትከብድ ኩርባ ላይ የበለጠ ታዘነብላለች። ቁመቷም ያድጋል። አንድ ሜትር ተኩል የነበረች መኪና ብስክሌት ሲቆምባት ሁለት ሜትር ተኩልን ታልፋለች። 700 ኪሎ ሜትር በሰላም ነድቶ፣ አዲስ አበባ ሲመለስ ከሕንጻ ሥር ያለ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ብስክሌቱን የሚቆርጥ ሰው የዚህ ዓይነቱ ሹፌር ነው። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ተረታችን ለራስ ወዳድ ይጠቀሳል፤ ለመኪና ጣሪያ ግን ምክር ነው። ከራስህ በላይ ነፋስ እንዳለ አትርሳ!

እንግዲህ የቱን እንምረጥ? ከመምረጣችን በፊት ጭነት የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ። ጭነት የሚያውቀው ደግሞ የኛ ከተማ ሹፌር አይደለም። ላስታ ነው ያለው።

ከላሊበላ በላይ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣውን ገደል ያየ፣ በቅሎ ጫኞቹንም አይቷል። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ሲጭኑ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። መጀመሪያ ዕቃውን አላነሡም፤ በቅሎዋን አዩ። እግሯን አዩ፣ ጀርባዋን ዳበሱ፣ ቁስል እንደሌለባት አረጋገጡ። ከዚያ ግላሱን ደልድለው ኮርቻውን አስቀመጡ። ዕቃውን በሁለት ከፍለው በየእጃቸው ሚዛን አነሡት፤ አንዱ ወገን ከብዷቸው ከዚያ ጥቂት አውጥተው ወደዚህ አደረጉ። ጠፍሩን በሆዷ ሥር አጠበቁ፤ ጣታቸውን አስገብተው ለኩት።

«አባባ፣ ይህኛውስ ለምንድን ነው?» አልኳቸው፣ በደረቷ ላይ የሚያልፈውን ጠፍር እያየሁ።

«ይኼ ለዳገቱ ነው ልጄ። ስትወጣ ጭነቱ ወደ ኋላ ይሸሻል።»

«በጅራቷ ሥር ያለውስ?»

«ወዴላው ለቁልቁለቱ ነዋ። ስትወርድ ወደ አንገቷ ይመጣል።»

ጥቂት እንደሄድን ሽማግሌው ቆሙና ጠፍሩን ደግመው አጠበቁ። ምነው፣ ላልቶ ነበር? ብላቸው «አልላላም፤ በቅሎዋ ስትራመድ ትንፋሽዋን ታወጣለች፣ ሆዷም ይቀንሳል» አሉኝ። ኪሎ የሚባል ነገር አልጠቀሱም። የስበት ማዕከል፣ የግጭት ኃይል የሚባል ትምህርት አልተማሩም። ያወቁት አንድ ነገር ነው። ጭነት ቆሞ ሳለ ሁሉም ያሥረዋል፤ የሚፈተነው ሲንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ የሚያሥሩት ለዳገቱም፣ ለቁልቁለቱም፣ ለመሰናከሉም አስበው ነው። እኛ የምናሥረው ለቤታችን በር ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት በነዚህ ሰዎች አገር ቀልድ አይደለም፤ የሥራ መመሪያ ነው። የከተማው ሰው በጎማ ካላማዳሪ ጠምጥሞ፣ በእጁ መታ መታ አድርጎ «አትሞትም!» ብሎ ይነሣል። ደግሞ የሚለው ለመኪናዋ ነው። አንድ 15 ኪሎ ብስክሌት፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ተጋጭታ ድንገት ስትቆም፣ ከክብደቱ ሃያ እጥፍና ከዚያም በላይ ኃይል ይዞ ወደ ፊት ይወረወራል። ሦስት መቶ ኪሎ የሆነ ብስክሌት ማለት ነው። ፊት ለፊት ያለው ደግሞ በግ የሚነዳ ልጅ፣ ወይም ከገበያ የምትመለስ እናት ናት። መንገዳችን ዳር ሁልጊዜ ሰው አለ። የመኪና አደጋ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በሚገድልበት አገር፣ ያልታሰረ ጭነት የግል ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

ላስታ ሌላም ነገር ታስተምራለች። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በአንዳንዶቹ ላይ፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትላልቅ መጠለያዎች የተተከሉት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። የተተከሉት ለበጎ ነበር፤ ዝናብና ፀሐይ ድንጋዩን እንዳይጎዱት። ጊዜያዊም ይባሉ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን የከተማው ሰው ቀና ብሎ አየና አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ይህ ብረት ስንት ይከብዳል? የቆመውስ ምን ላይ ነው? ቢወድቅስ? በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ጥያቄውን ይዞ ሰልፍ ወጣ። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው አይተው፣ እንረዳለን ብለው ሄዱ።

መጠለያውን የሚደግፉም የሚቃወሙም ባለሙያዎች አሉ፤ ያን ክርክር እዚህ አልጨርሰውም። እኔን የገረመኝ የጥያቄው ጥራት ነው። ገበሬው፣ ካህኑ፣ ባለሱቁ፣ አስጎብኚው ተሰልፈው ያሉት «ያምራል» ወይም «አያምርም» ብቻ አልነበረም። «ከላይ የተጫነው ከታች ያለውን ይጎዳል ወይ?» ነበር ያሉት። ይህን ጥያቄ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የጠየቀ ሕዝብ ለሚኒባስ ጣሪያ ለምን አይጠይቅም? ለቤቱ መኪና ጣሪያስ? ምናልባት ላሊበላ የኛ ብቻ ሳትሆን የዓለም ስለሆነች እንሳሳላታለን። ልጆቻችን ደግሞ የኛ ብቻ ስለሆኑ «እግዜር ይጠብቃቸዋል» እንላለን። ጠብቆን ኖሯል፤ እናመሰግናለን። ጠፍሩን ማጥበቅ ግን የኛ ድርሻ ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እሱም ከባዱ ነው። ለመሆኑ ብስክሌት ሰውን ይሸከማል እንጂ መኪና ብስክሌትን የሚሸከመው ምን ሆኖ ነው? ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ ሜልቦርን ላይ ሯጮች ብቻ አልነበሩም የተሰለፉላት፤ ብስክሌተኞችም ነበሩ። ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት ለተማሪም ለሠራተኛም እግር ሆኖ ኖሯል። የአዲስ አበባ ልጅ ግን ብስክሌት ቢገዛለት የሚነዳው ግቢ ውስጥ ነው፤ ግቢ ከሌለው ደግሞ በረንዳ ላይ ያቆመዋል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሑድ አንዳንድ ጎዳና ለመኪና ሲዘጋ ልጆች በደስታ ያበዱት፣ ሌላ ጊዜ ጎዳናው የነሱ ስላልሆነ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ኮሪደር ልማት በደረሰባቸው መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፤ ደግ ነው። ከሰፈር ውስጥ እስከዚያ መስመር ያለውን መንገድ ግን ልጁ በምን ይሻገር? ስለዚህ ወላጅ ብስክሌቱን መኪና ላይ ይሰቅላል። ልጁ እንዲነዳ ከተማውን ለቅቆ መውጣት አለበት! ፖርቶ መጋላው የሚሸከመው አራት ብስክሌት ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ የከተማችንንም ጉድለት አብሮ ይሸከማል።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ አልነገርኩትም። ሰው ፖርቶ መጋላ ሲጠይቅ የከተማ ፕላን አይነገረውም። የነገርኩት አጭር ነው።

«የልጆቹን ሁለቱን ብቻ ጫን» አልኩት። «ጣሪያ ላይ ይሁን። አግዳሚዎቹ ፋብሪካው በሠራላቸው ቦታ ይግቡ እንጂ የትም አይበሳ። 22 ኪሎ ብስክሌት፣ 13 ኪሎ ብረት፣ 35 ኪሎ። ለጠጠሩ ከተፈቀደልህ 50 በታች ነህ። ፍጥነትህን ከ80 አታሳልፍ። ደብረ ብርሃን ቁርስ ስትበላ ውረድና አጥብቀው፤ ኮምቦልቻ ድገመው፤ ወልድያ ስታድር አውርደው፤ ጋሸና ላይ አስፋልት ከለቀቅህ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ እየው።»

«እኛስ ታዲያ? የኛ ሁለቱ?» አለኝ ቅር ብሎት።

ባለቤቱ ከጀርባው ሆና ትሰማ ኖሯል። «እኛማ በእግራችን ነዋ!» አለች። «እማዬ ስንት ዓመት ጠብቃኝ ሳይክል ላይ ሆኜ ነው የማገኛት?»

ልክ ናት። ከላሊበላ ከተማ እስከ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ወደ 7 ኪሎ ሜትር ነው። ልጆቹ በብስክሌት ፈንጠር ብለው እየቀደሙ፣ ወላጆች በእግር እየተከተሉ፣ አያትም ካሻቸው በበቅሎ፣ ግማሽ ቀን የማይፈጅ መንገድ ነው። ዳገቱ ላይ ልጆቹም ወርደው መግፋታቸው አይቀርም፤ ያኔ ሁሉም እኩል እግረኛ ይሆናል። የላስታ ልጆች ደግሞ ከየጓሮው ወጥተው ይከተላሉ። አብዛኞቹ ትምህርት ቤት በእግራቸው የሚመላለሱ ናቸው። ያኔ ብስክሌቱ ጌጥ ከሆነ አያምርም፤ ተራ በተራ ከተነዳ ግን ሁለት ብስክሌት ላንድ መንደር ይበቃል። አራት ቢሆን እኮ ትዕይንት ነበር!

ነአኩቶ ለአብ ሲደርሱ አንድ ነገር እንዲያዩ ነግሬያቸዋለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው በዋሻ ውስጥ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ንጉሥ ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ፣ የላሊበላም የወንድም ልጅ ነበር ይባላል። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ይንጠባጠባል። ጠብታው ከሚያርፍበት ሥር በትክክል የድንጋይ ገንዳዎች ተቀምጠዋል፤ የተጠራቀመው ውሃ ጠበል ነው። ያስቀመጣቸው ሰው መጀመሪያ ወደ ላይ አይቷል፤ ጠብታው የት እንደሚወድቅ አጥንቷል፤ ከዚያ በኋላ ነው ገንዳውን ያኖረው። ተቀባዩ ከሚመጣው ጋር ተለክቷል። ይህ ነገር የሚያስፈልገው ለጠበል ብቻ አይመስለኝም።

እናንተም በዚህ ዓመት ብስክሌት፣ ፍራሽ ወይም በግ ጭናችሁ ወደ ዘመድ የምትሄዱ ከሆነ፣ ሱቅ ገብታችሁ ከ«ስንት ነው?» በፊት «ስንት ይችላል?» በሉ። ሻጩ ካላወቀ ሌላ ሱቅ ሂዱ፤ የሚያውቅ ሻጭ የሚፈጠረው የሚጠይቅ ገዢ ሲኖር ነው። ጭናችሁ ስትጨርሱ ደግሞ አንድ ፈተና አለ፤ ገንዘብም መሣሪያም አይፈልግም። የጫናችሁትን ዕቃ በሁለት እጃችሁ ያዙና በኃይል ነቅንቁት። መኪናዋ አብራ ከተነቃነቀች መልካም መንገድ። ዕቃው ብቻውን ከተነቃነቀ ግን፣ ገና ቢደርስም እናንተ ገና ናችሁ።